ቅባት ያጠበው ፈሳሽ ወዴት ይሄዳል?

ከአሰላ ከተማ በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የጭላሎ ተራራ ከባሕር ወለል ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ከተማዪቱም ራሷ 2 ሺህ 400 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ክረምቱ አልፎ የስንዴውና የገብሱ ማሳ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ በዚያ ደጋ ላይ ቆሞ ሽቅብ ለተመለከተ ሰው እንደዚያ ያለ የጠራ ሰማይ በሌላ አገር የሚገኝ አይመስለውም። ነገር ግን ይኸው የጠራ ሰማይ ለደጋው ሰው ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ የፀሓይን ጨረር የሚመረምሩ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ይኸውም አልትራቫዮሌት የተባለው በዓይን የማይታየው ጨረር፣ ወደ ላይ አንድ ሺህ ሜትር በተወጣ ቁጥር ከመቶ 10 እጅ ያህል እየበረታ ስለሚሄድ፣ በአሰላ አደባባይ የሚመላለስ ሰው በባሕር ዳርቻ ካለው ሰው ይልቅ ፊቱም ዓይኑም ለዚህ ጨረር የተጋለጠ መሆኑ ነው።

ይህን ጨረር ከምድር የሚከለክለው ኦዞን የሚባለው አየር ነው። ሰው የሚተነፍሰው ኦክሲጅን ከሁለት አቶሞች የተሠራ ሲሆን ኦዞን ግን ከሦስት አቶሞች የተሠራ ነው፤ አብዛኛውም ከምድር በላይ ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ተዘርግቶ ይገኛል። ተዘርግቶ ይገኛል ቢባልም እጅግ የሳሳ ነው። በዚያ ከፍታ የተበተነው ኦዞን ሁሉ ተሰብስቦ በምድር ላይ ቢነጠፍ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል፤ ኢትዮጵያ ባለችበት በምድር ወገብ አቅራቢያ ደግሞ በተፈጥሮው ከዚያ ያንሳል። እንግዲህ የአርሲ ደጋ ሰው መጋረጃው ስስ፣ መቀመጫውም ለፀሓይ የቀረበ ነው ማለት ነው። በኢትዮጵያ ለዓይነ ስውርነት ዋነኛው ምክንያት የዓይን ሞራ እንደ ሆነ ሐኪሞች ይናገራሉ፤ ሞራ ሁሉ ከፀሓይ ይመጣል ማለት ባይቻልም፣ ጨረሩ ከሚያፋጥኑት ነገሮች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። በኦዞን ላይ የደረሰው ጉዳት እጅግ የበረታው በደቡብ ዋልታ ላይ እንጂ በምድር ወገብ ላይ አይደለም፤ ይህ ግን መጀመሪያውኑ ስስ የሆነውን ለማሳሳት ፈቃድ አይሰጥም።

ይህን መጋረጃ ከጎዱት ነገሮች አንዱ የብረት ማጠቢያ ፈሳሽ ነው ቢባል ብዙ ሰው ይደነቅ ይሆናል። ስለ ማቀዝቀዣ ሣጥን ጋዝና ስለ ሽቱ መንፊያ ቆርቆሮ ያልሰማ ጥቂት ነው፤ ስለ ማጠቢያው ግን የሚናገር እምብዛም የለም። በፋብሪካ የተሠራ ብረት ሁሉ ቀለም ከመቀባቱ ወይም ከሌላው ብረት ጋር ከመገጣጠሙ በፊት ከቅባት መንጻት አለበት፤ ሞተር ሲፈታም እንደዚሁ ነው። ቅባት በውኃ ብቻ ስለማይለቅ፣ የፋብሪካ ሰዎች ቅባቱን በቅጽበት አሟሙቶ ወዲያው ራሱ በንኖ የሚጠፋ፣ እሳትም የማይያዝ ፈሳሽ ሲፈልጉ ኖሩ። ችግሩ ሁሉ የተጀመረው «በንኖ የሚጠፋ» ከሚለው ቃል ላይ ነው፤ ከዓይን ጠፋ እንጂ ከዓለም አልጠፋምና።

የእነዚህ ፈሳሾች ታሪክ ለአስተዳዳሪ ሁሉ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በመጀመሪያ ካርቦን ቴትራክሎራይድ የተባለው ፈሳሽ ቅባት ለማሟሟት፣ ልብስ ለማንጻት፣ እሳትም ለማጥፋት ሳይቀር በሰፊው ይሠራበት ነበር። እሳት የማይያዝ ስለሆነ ከቤንዚን የተሻለ ነው ተብሎ ተመሰገነ፤ ነገር ግን የሚያሸቱትን ሠራተኞች ጉበትና ኩላሊት የሚያጠፋ ሆኖ ተገኘ። ከእርሱ ጎን ትራይክሎሮኤቲሊን የተባለው ለብረት ማጠቢያ ገባ፤ እርሱንም የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2005 ዓ.ም. በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ተርታ አስገብቶታል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። ከዚያ በኋላ ለሠራተኛው ጤና ሲባል ሜቲል ክሎሮፎርምና ሲ.ኤፍ.ሲ. 113 የተባሉት መጡ። እነዚህ ሽታቸው ቀላል፣ ለሳንባና ለጉበት ከቀድሞዎቹ ይልቅ እጅግ የራሩ፣ እሳትንም የማይፈሩ ስለ ነበሩ፣ የፋብሪካ ሐኪሞች ሳይቀሩ በደስታ ተቀበሏቸው። ሰማዩን የጎዱትም እነዚሁ ደጋጎቹ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሰው ሳንባ የራራው ፈሳሽ ከሌላ ነገር ጋር በቀላሉ የማይዋሐድ ስለሆነ፣ ከበነነ በኋላ ዝናም አያጥበውም፣ አፈርም አይውጠውም። ሲ.ኤፍ.ሲ. 113 በአየር ውስጥ 90 ዓመት ያህል ሊቈይ ይችላል፤ ከሰው ዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው። ቀስ በቀስ ሽቅብ ወጥቶ ከኦዞን በላይ ሲደርስ ግን ብርቱው የፀሓይ ጨረር ይሰብረዋል፤ በውስጡ የነበረው ክሎሪንም ይለቀቃል። አንዱ የክሎሪን አቶም አንዱን ኦዞን ካፈረሰ በኋላ ራሱ ሳይጠፋ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ እንዲህ እያለም ከዚያ ስፍራ እስኪወገድ ድረስ እጅግ ብዙ ሺህ ኦዞን ያፈርሳል። ይህን ነገር ማርዮ ሞሊናና ሼርዉድ ሮውላንድ የተባሉት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት የኬሚስትሪ ሊቃውንት በ1966 ዓ.ም. በጽሑፍ ሲያስታውቁ፣ ፈሳሹን የሚሠሩት ኩባንያዎች ወሬው ማስረጃ የሌለው ግምት ነው ብለው ተከራከሩ። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም.፣ በደቡብ ዋልታ የሚሠሩ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በዚያ ያለው ኦዞን በጸደይ ወራት እጅግ እየጎደለ መሄዱን መዝግበው አወጡ። ሞሊናና ሮውላንድም ከፓውል ክሩትሰን ጋር በ1988 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

መንግሥታት በዚህ ጉዳይ ያሳዩት ፍጥነት በሌላው ጉዳያቸው ሁሉ ቢኖር ምንኛ መልካም ነበር! በ1977 ዓ.ም. በቪየና፣ ቀጥሎም መስከረም 5 ቀን 1980 ዓ.ም. በሞንትሪያል ውል ተዋዋሉ። ባለጸጎቹ አገሮች ሲ.ኤፍ.ሲን፣ ካርቦን ቴትራክሎራይድንና ሜቲል ክሎሮፎርምን ከታኅሣሥ 1988 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲተዉ፣ ላልበለጸጉትም አገሮች እስከ 2002 ዓ.ም.፣ ለሜቲል ክሎሮፎርም ደግሞ እስከ 2007 ዓ.ም. ጊዜ እንዲሰጣቸውና ከአንድ የጋራ ገንዘብ እንዲረዱ ተወሰነ። ኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. የውሉ ተካፋይ ሆነች። የፍሬውም ማስረጃ በአየሩ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ሜቲል ክሎሮፎርም በአየር ውስጥ የሚቈየው 5 ዓመት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ መሥራቱ ከቀረ ወዲህ ከነበረው መጠን ከመቶ ሁለት እጅ የማይበልጠው ብቻ ቀርቷል። ሲ.ኤፍ.ሲ. 113 ግን ዕድሜው ረጅም በመሆኑ ገና በዝግታ እየወረደ ነው። ውሉ እንደ ተጠበቀ ከቀጠለ፣ የደቡብ ዋልታው ኦዞን በ2058 ዓ.ም. ገደማ ወደ ቀድሞ መጠኑ እንደሚመለስ ሊቃውንቱ ይገምታሉ።

ይህ ሁሉ ከአርሲ ጋር ምን ግንኙነት አለው የሚል ሰው ቢኖር፣ በመከር ወራት ወደ አሰላ ወይም ወደ በቆጂ ወጥቶ መንገዱን ቢመለከት መልሱን ያገኘዋል። ቀድሞ አሩሲ ይባል የነበረው ይህ አገር በኢትዮጵያ ውስጥ የእርሻ መኪና ከሁሉ አስቀድሞ በብዛት ከገባባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመውና በምኅጻሩ ካዱ ተብሎ የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት የተሻለ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ሲያደርስ፣ በዚያው ዘመን ባለ ርስቶች ትራክተር ማስገባት ጀመሩ፤ ያ ትራክተር ስንቱን ጭሰኛ ከመሬቱ እንዳስነቀለ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እዚህ አይገባም። ከዚያ በኋላ የመንግሥት እርሻዎች መጡ። ዛሬም ስንዴው ሲደርስ ኮምባይነሮች ከማሳ ወደ ማሳ ይዞራሉ። እያንዳንዱ ኮምባይነር ሰንሰለት አለው፣ ኩሺኔታ አለው፣ የነዳጅ ማጣሪያና ማርሽ አለው፤ ይህ ሁሉ በአቧራና በገለባ ተለውሶ በየጊዜው ይፈታል፣ ይታጠባልም።

በምን ይታጠባል? እውነቱን ለመናገር፣ በኢትዮጵያ ጋራዦች ዘንድ ከሁሉ የሚበዛው ማጠቢያ በግማሽ በርሜል የተቀዳ ናፍጣ ወይም ቤንዚን ነው። መካኒኩ ባዶ እጁን ነክሮ በብሩሽ ይፈትጋል። ይህ ኦዞንን አይጎዳም፤ ለዚህም የጋራዡ ሰው ምስጋና አይገባውም፣ ምክንያቱ ዋጋው እንጂ ስለ ሰማይ መጨነቅ አይደለምና። ቤንዚን ግን በአንዲት የእሳት ፍንጣሪ ቤቱን ያቃጥላል፤ በውስጡ ያለው በሊቃውንቱ አጠራር ቤንዚን (benzene) የተባለው ክፍል ደምን የሚያመርት ቅልጥምን ይመርዛል፤ ናፍጣውም ቆዳን አድርቆ ይሰነጥቃል። ሰማዩን የሚጎዱት ፈሳሾች ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በበርሜል ሳይሆን በትናንሽ ቆርቆሮና ጠርሙስ ነው፤ ለኤሌክትሪክ ዕቃ ማንጫ በሚነፋው ቆርቆሮ፣ ፍሬን ለማጠቢያ በሚሸጠው መንፊያ ውስጥ ሆነው። እንዲያውም በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይገኝ የነበረው፣ ፍሉድ የሚባለው ነጭ የስሕተት ማጥፊያ ቀለም ለብዙ ዘመን የሚሟሟው በሜቲል ክሎሮፎርም ነበር። የደብዳቤ ስሕተት ሲታረም ሰማዩ በጥቂቱ ይበሳ ነበር ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

የልብስ ንጽሕናም ከዚህ አይለይም። በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ ካባ ወይም የከፋይ ልብስ በውኃ ቢዘፈዘፍ ይበላሻል፤ ስለዚህ ደረቅ እጥበት ወደሚባለው ቤት ይላካል። እጥበቱ ደረቅ ይባል እንጂ በፈሳሽ የሚከናወን ነው፤ ፈሳሹ ውኃ ስላልሆነ ብቻ ነው ደረቅ የተባለው። በውጭ አገር ሲ.ኤፍ.ሲ. 113 ለስስና ለክቡር ልብስ የተመረጠ ማጠቢያ ነበር፤ እርሱ ከተከለከለ ወዲህ በብዙ ስፍራ የቀረው ፐርክሎሮኤቲሊን ነው። ይኸኛው ለኦዞን የሚያሰጋ አይደለም፤ ነገር ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሚሠራው ሰው መርዝ ነው፣ ወደ መሬት ከፈሰሰም እስከ ጕድጓድ ውኃ ወርዶ ለብዙ ዘመን ይቀመጣል። ከእጥበት ቤት የመጣ ካባ የሚሰነፍጥ ሽታ ካለው፣ ሣጥን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ሰቅሎ ማናፈስ ይገባል።

እንግዲህ ለእነዚህ ፈሳሾች ምትክ ፍለጋ በተጀመረ ጊዜ፣ ከሁሉ የተሻለውን መልስ ያገኙት ጥያቄውን የለወጡት ሰዎች ናቸው። ኖርዘርን ቴሌኮም የተባለው የካናዳ የስልክ መሣሪያ ኩባንያ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ከብየዳ በኋላ የሚቀረውን ሙጫ በሲ.ኤፍ.ሲ. 113 ያጥብ ነበር። መሐንዲሶቹ በምን እንጠበው ማለትን ትተው ለምን ይታጠባል ብለው ጠየቁ፤ የብየዳውንም ዐይነት ለውጠው፣ መታጠብ የማያስፈልገው እንዲሆን አደረጉ። በ1984 ዓ.ም. ኩባንያው ይህን ፈሳሽ ጨርሶ ተወው፤ ለመግዣ ይወጣ የነበረውም ገንዘብ ተረፈው። ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ በ1980 ዓ.ም. በብርቱካን ልጣጭ ውስጥ እንደሚገኘው ያለ የዕፅ ዘይት ለዚህ ሥራ እንደሚበቃ አስታወቀ። ይህ የልጣጭ ዘይት ቅባትን በብርቱ ያሟሟል፣ ሽታውም ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም ሲሞቅ እሳት ይይዛል፣ ለአየር ተጋልጦ የቈየውም ቆዳን ያሳክካል። የማተሚያ ቤት መዘውር ለማጠብም በአውሮፓ ከጎመን ዘር ዘይት የተሠራ ማጠቢያ በቤንዚን ፈንታ ገብቷል። ጎመን ዘር በአርሲ ደጋ በሚገባ የሚበቅል ሰብል ስለሆነ፣ በአሰላ ያለው የእርሻ ምሕንድስና ምርምር ማዕከልና የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ነገሩን ቢመረምሩት ከአቅማቸው በላይ አይሆንም።

ለጋራዥ ግን ከሁሉ የሚቀርበው ምትክ ሙቅ ውኃ ነው። ከ60 እስከ 70 ዲግሪ የሞቀ ውኃ፣ ጥቂት ሶዳና ቅባት የሚለቅ ሳሙና ተጨምሮበት በግፊት ሲረጭ፣ ናፍጣ የሚያነጻውን አብዛኛውን ብረት ያነጻል። ምግብና መጠጥ የሚዘጋጅባቸው ፋብሪካዎች ዕቃቸውን የሚያጥቡት በዚህ ዐይነት መንገድ ነው። እውነት ነው፣ ውኃ የራሱ ጠባይ አለው። የታጠበው ብረት ወዲያው በነፋስ መኪና ካልደረቀና ስስ ዘይት ካልተቀባ ይዝጋል፤ ኮስቲክ ሶዳ የበዛበት ውኃ አልሙኒየምን ይበላዋል፤ የኤሌክትሪክ ዕቃና የተዘጋ ኩሺኔታ በውኃ አይነካም። ማሞቂያውም ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ነገሩ ልማድን መለወጥ እንጂ አንዱን ጠርሙስ በሌላው መተካት ብቻ አይደለም።

ጠርሙስን በጠርሙስ መተካት ምን እንደሚያመጣ የካሊፎርኒያ መካኒኮች በገዛ ሰውነታቸው አይተውታል። በዚያ አገር ክሎሪን ያለባቸው የፍሬን ማጠቢያዎች በሕግ ሲጠበቡ፣ ነጋዴዎች ሄክሴንና አሴቶን የተቀላቀሉበትን መንፊያ አመጡ። በ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ይህን የሚጠቀሙ መካኒኮች እጅና እግራቸው እየደነዘዘ፣ ጕልበታቸው እየከዳ ወደ ሐኪም መጡ፤ ሄክሴኑ ጅማተ ነርቫቸውን ጎድቶት ነበር። በቆርቆሮው ላይ ክሎሪን የለበትም መባሉ እውነት ነበር፤ ኦዞንንም አይጎዳም። የተረሳው የሚያሸተው ሰው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ትራይክሎሮኤቲሊንን ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይሠራበት ማድረጉም፣ ሰማይን ለማዳን ሲባል ወደ ቀድሞው መርዝ መመለስ እንዳይኖር ነው።

የአርሲ እናቶች ቅባትን ያለ ፋብሪካ ፈሳሽ ማንጻት ከጥንት ያውቃሉ። የወተት ዕቃ ከሁሉ የሚከብድ እጥበት ነው፤ ቅቤው ከጮጮው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፣ ካልነጻም ወተቱን ያመራል። እነርሱ በሻካራ ቅጠል ፈትገው፣ አለቅልቀው፣ በወይራ ጢስ ያጥኑታል። ሸማ ደግሞ በእንዶድ ይታጠባል። በኦሮምኛ ሀንዶዴ የሚባለው ይህ ቍጥቋጦ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በየአጥሩ ይበቅላል፤ ፍሬው ደርቆ ሲወቀጥና በውኃ ሲመታ እንደ ሳሙና አረፋ ይሰጣል፣ ነጭ ልብስንም ሳያደበዝዝ ያነጻል። የባሕር ማዶ ሳሙና ከመምጣቱ በፊት የካህኑም የመኰንኑም ኩታ የነጣው በእርሱ ነው።

አሁን ባለው ዘመን «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል በየማስታወቂያው ስለ በዛ፣ እንዶድ ለብረት ማጠቢያ ይሁን የሚል ሰው ሊነሣ ይችላል። አሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን የእንዶድን ሌላ ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ወጣቱ ሊቅ አክሊሉ ለማ በ1956 ዓ.ም. ገደማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተመለከቱ። ቀንድ አውጣው የበሽታው አስተላላፊ ስለሆነ፣ ይህ ግኝት ታላቅ ነበር፤ አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ በ1982 ዓ.ም. በስዊድን የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለ ሽልማት ተቀበሉበት። ቀንድ አውጣውን የገደለው ያው አረፋ ግን ዓሣውንም ይገድላል። በውኃ ውስጥ በአንድ በሁለት ቀን ፈርሶ ስለሚጠፋ፣ የአንዲት እናት እጥበት ወንዙን አያጠፋውም፤ አንድ ጋራዥ በየዕለቱ በበርሜል ቢያፈስሰው ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። የፋብሪካ ሳሙና ያለበት፣ የሞተር ዘይት የተቀላቀለው ውኃማ ከእንዶዱ ይልቅ የከፋ ነው።

ስለዚህ ዕቃ የሚገዛ ባለ ሥልጣን ሻጩን ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ፣ ይህ ፈሳሽ ኦዞን ይጎዳልን የሚለው ብቻ አይደለም፤ ከታጠበበት በኋላ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ወደ ሰማይ ይበንናልን? ወደ ሠራተኛው ሳንባ ይገባልን? ወይስ ወደ ቦይ ይወርዳል? በጨረታ ሰነድ ላይ ዋጋና ሊትር ብቻ ተጽፎ የፈሳሹ ስም ሳይጠቀስ የሚፈጸም ግዢ፣ ሦስቱንም ጥያቄ ሳይመልስ ይቀራል። ሕጉ የጎደለ አይደለም፤ የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300/1995 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ስለ አደገኛ ቆሻሻም በ2010 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ወጥቷል። የጎደለው ከአዋጁ እስከ ጋራዡ በርሜል ያለው መንገድ ነው።

የአሰላ ነገር በተለይ የሚያሳስበው በስፍራው ምክንያት ነው። ከጭላሎ፣ ከጋላማና ከካካ ተራሮች በምዕራብ በኩል የሚወርደው ውኃ አብዛኛው በካታር ወንዝ ተሰብስቦ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። የባቱ ከተማ ሕዝብ ከዚያ ሐይቅ ይጠጣል፤ ዓሣ አጥማጁ መረቡን እዚያ ይጥላል፤ ጥንታዊው የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ባለበት ደሴት የሚኖሩትም ከዚያው ይቀዳሉ። በደጋው ያለው ሰው ከላይ እንደ መሆኑ ሰማዩን የሚካፈለው ከዓለም ሁሉ ጋር ነው፣ ውኃውን ግን የሚልከው ለእነዚህ ለሚታወቁት ጎረቤቶቹ ነው።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ያጠበው ውኃ ወደ ቦይ ከመለቀቁ በፊት በአንድ ጋን ወይም በርሜል ውስጥ አንድ ሌሊት ቢያድር፣ ዘይቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ጭቃውም ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ዘይቱ ተገፍፎ ከአሮጌው የሞተር ዘይት ጋር ይከማቻል፣ መካከለኛውም ውኃ እንደገና ሞቆ ደጋግሞ ያጥባል። እጥበቱ የሚካሄደው በሲሚንቶ ወለል ላይ ይሁን፤ ሠራተኛው ጓንት ይልበስ፤ ቤንዚን ለእጥበት ከነጭራሹ ይቅር። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ በሐምሌና በነሐሴ የአርሲ ዝናም ሌሊቱን ሙሉ ይወርዳል፤ ክዳን የሌለው በርሜል እስኪነጋ ይሞላል፣ ከላይ የተንሳፈፈው ዘይትም ከሁሉ አስቀድሞ ይፈስሳል። በርሜሉ ከጣሪያ በታች መቀመጥ አለበት፤ ጣሪያ ከሌለም በቆርቆሮ ተከድኖ ድንጋይ ሊጫንበት ይገባል።